ስክሪኑን ያዘገየው ማን ነው?

ስንዴ በሚታጨድበት ወቅት ሮቤ ላይ ትዕግሥት የለም። ኮምባይነር ሲቆም ሹፌሩ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ ወደምሠራበት የመለዋወጫ ሱቅ ይሮጣል፤ ኩሽኔታ ወይም ቺንጋ ፍለጋ። ዕቃው የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ የሚያሳየውን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ትምህርቴን ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ፕሮግራም መጻፍ የተማርኩት ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ በዚያው በሱቁ ኮምፒውተር ቪዲዮ እያየሁ ነው።

ግን ፕሮግራሜ ይዘገያል። አንድ ፊደል ስነካ ስክሪኑ ቀጥ ይላል።

«ደፊ፣ ያ ኢንተላ! ፍጠኚ አንቺ ልጅ፣ ስንዴው እዚያ ሊረግፍ ነው» አለኝ አንድ ሹፌር። «ኮምፒውተርሽ ምሳ ወጣች እንዴ?»

ሱቁ ሙሉ ሳቀ። እኔ ድሮም ሰው ዓይን ማየት አልችልም፤ ከስክሪኑ ኋላ አንገቴን ደፋሁ።

ባለሱቁ ሀጂ ግን አልሳቁም። «ልጄ፣ እስከ ነገ ካልተስተካከለ ኮምፒውተሩን ጎባ ሱቅ ላለው ልጄ እልክለታለሁ። እኛም እንደ ድሯችን በዓይናችን እንፈልጋለን» አሉኝ።

«እሺ» ብቻ አልኩ። ሌላ ኮምፒውተር የማገኝበት ቦታ የለኝም።

ጥፋቱ የፍለጋው መስሎኝ እሱን አፍርሼ እንደገና ጻፍኩት። ለውጥ የለም። ከዚያ ግምቱን ተውኩና ፕሮፋይለር የሚሉትን መሣሪያ ከፈትኩ። ፕሮግራም የተሠራው ሜቶድ ከሚባሉ ክፍሎች ነው፤ እያንዳንዱ በስሙ ሲጠራ አንድ ሥራ ይሠራል። ፕሮፋይለሩ የትኛው ስንቴ እንደተጠራ፣ ማን እንደጠራውና ምን ያህል ጊዜ እንደበላ ያሳያል።

አንድ ፊደል ነካሁና አየሁ። ፍለጋው ንጹሕ ነው፤ ወዲያው ጨርሷል። ጊዜውን ሁሉ የበላው ስክሪኑን እንደገና የሚሥለው ሜቶድ ነው። ማን ሲጠራው ኖሯል? ስክሪኑ ላይ የሚደረደሩት የዕቃ ዝርዝር መስመሮች ራሳቸው! እያንዳንዱ መስመር የዕቃ ስም ሲገባለት «ተለውጫለሁ» ይላል፤ ስክሪኑም ያን አንዱን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ከላይ እስከ ታች ይሥላል። ዲንሾ ከተማ ሠርግ ቤት የተቀመጡ ሽማግሌዎችን አስታወሰኝ። አንድ እንግዳ በገባ ቁጥር ሁሉም ይነሡና ስለ ቤቱ፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ከብቱ እንደ አዲስ ይጠያየቃሉ፤ ምግቡም ይቀዘቅዛል። ብቻዬን ሳቅሁ።

መስመሮቹ ሁሉ ሞልተው እስኪያልቁ ዝም እንዲሉ፣ ስክሪኑም መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ እንዲጠራ አደረግሁ። ፕሮፋይለሩን ደግሜ አስነሣሁት። አንድ ጥሪ!

በማግስቱ ያው ሹፌር መጣና ቺንጋ ጠየቀ። ስሙን ጽፌ ሳልጨርስ ስክሪኑ ላይ ወጣ።

«ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከታች» አልኩት።

«ዋ! በቃሏ ይዛው ነው» አለ። ሌላ ጠየቀኝ፤ ያም ወጣ። ሌላም ጠየቀኝ።

ሀጂ ስልካቸውን አውጥተው ልጃቸው ጋ ደወሉ። «ኮምፒውተሩ አይመጣም። የራስህን ግዛ።»

«ሀጂ» አልኩ፣ ሱቁ ሙሉ እየሰማ፣ ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆኖብኝ። «ሲገዛ ይንገሩኝ። የጎባውንም ፕሮግራም የምጽፈው እኔ ነኝ።»