የጠበበው ከስክስ

ቀበሌ ለብሔራዊ ውትድርና ሲጠራን የነፋስ ስልክ እናቶች ያለቀሱት ጥይቱን አስበው ነው። የእኔም እናት፣ የጓደኛዬም እናት። ስለ ጫማ ያለቀሰ ሰው አልነበረም። ዛሬም ድረስ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ጦር ሜዳ ሳንደርስ፣ አንዲት ጥይት በአጠገባችን ሳታልፍ፣ ጓደኛዬ ሰላም በሆነ ማሰልጠኛ ውስጥ ተበላሸ።

ጓደኛዬ አብሮ አደጌ ነው፤ አጥር ነው የሚለየን። ኳስ ላይ ግን፣ ወይ ጉድ! ጎፋ ሜዳ ላይ በግራ እግሩ ሲያታልል ተከላካዩ ጭቃው ላይ ቁጭ ይላል። የአንድ ክለብ አሰልጣኝ አይቶት፣ «ከውትድርና ስትመለስ ና፣ ቦታህ ይጠብቅሃል» ብሎታል። ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ የለውም። የሄድን ዕለት ታኬታውን ለእናቱ ሰጥቶ፣ «እማዬ፣ አደራ፣ አይጥ እንዳይበላብኝ» አላቸው።

ማሰልጠኛው እንደገባን የወታደር ጫማ፣ ከስክስ ታደለን። ልክህን የሚጠይቅህ የለም፤ የደረሰህን ታጠልቃለህ። በማግስቱ ሰልፍ ላይ ከድንኳናችን አንዱ፣ ከገጠር የመጣ ልጅ፣ ቀጥ ብሎ ቆመና፣ «ጓድ አስር አለቃ፣ ጫማው ጠበበኝ፣ መሄድ አልቻልኩም» አለ። እኛ የአዲስ አበባ ልጆች በሳቅ ሞትን። ከሁላችንም በላይ የሳቀው ጓደኛዬ ነው።

«አይ ባላገር! ጫማው ምን አደረገ? እግርህ ነው ጫማ የማያውቀው!»

አስር አለቃው ተቆጣ፣ ተሳደበ፣ ግን ቀየረለት።

ለካ የጓደኛዬም ጫማ ጠቦታል። እንደዚያ ስቆ ሲያበቃ በምን አፉ ይናገር? «ምነው ታነክሳለህ?» ስለው፣ «ተወኝ ባክህ፣ አዲስ ቆዳ ነው፣ ይለቃል» ይለኛል። አራዳ ነዋ! የነፋስ ስልክ ልጅ ጫማ ጠበበኝ ብሎ ባላገር ሊስቅበት? ሞቱ ነው። ሩጫው፣ ጭቃው፣ ረጅሙ የእግር ጉዞ፣ ሁሉንም በዚያው ከስክስ ጥርሱን ነክሶ ተወጣው። ሲተኛ እንኳ ካልሲውን አያወልቅም።

ሥልጠናውን እንዲሁ ላማው አልፈልግም፤ ውሸት ይሆንብኛል። በእናቴ እጅ ስጎርስ ያደግሁ ሰነፍ፣ ለድንኳን ሙሉ ሰው ወጥ መሥራት የተማርኩት እዚያ ነው። ቋንቋውን ከማላውቀው ሰው ጋር በአንድ ብርድ ልብስ ተኝቻለሁ፣ ወንድሜም ሆኗል። ግን ያን ሁሉ ሲያስተምሩን፣ አመመኝ ማለት ነውር እንዳልሆነ የነገረን አንድም አልነበረም።

ነገሩን መጀመሪያ የነቃበት ያ የሳቅንበት ልጅ ነው። አንድ ጠዋት ሽታው ሰነፈጠውና፣ «ይሄ ሰው እግሩ ታሟል» ብሎ ካልሲውን በግድ አወለቀው። የግራ እግሩ ጣቶች መግለው ጠቁረዋል። ልጁ አልሳቀም። ራሱን ይዞ፣ «ለምን አልተናገርክም? እኔ ተናግሬ የለም እንዴ?» ይለዋል። ጓደኛዬ ካልሲውን መልሶ ሊያጠልቅ እጁን ዘረጋ።

ሆስፒታል ጣቶቹን ቆረጧቸው። ቁስሉ ሲደርቅ አሰናበቱት፣ እኔም ቤቱ እንዳደርሰው ፈቃድ ተሰጠኝ።

ሰፈር ስንገባ ጎረቤቱ ሁሉ፣ «እሰይ! ከጦርነቱ ተረፈልሽ!» እያለ እናቱን ያቅፋል። ደሜ ፈላ። ምኑ ነው የተረፈው? እናቱ ስለ ጣቶቹ አልሰሙም፤ እኛም ያን ደስታቸውን አይተን መናገር አቃተን። ሰዉ ሲወጣ ተጣድፈው ከአልጋ ሥር ታኬታውን አመጡ። ቅባት ቀብተው፣ ቅርጹ እንዳይበላሽ ጋዜጣ ጎስጉሰውበት አስቀምጠውታል።

«በል አድርገው፣ እስኪ ልይህ» አሉት።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሸራ ጫማውን አወለቀ፣ ካልሲውን ተወው። ግራ እግሩን ታኬታው ውስጥ ሲከት የጫማው አፍንጫ ባዶ ስለነበር ቆዳው እጥፍ ሲል አየሁት። ያን ጊዜ ቀና ብሎ፣ ማሰልጠኛ ውስጥ ከአፉ አልወጣ ያለውን ቃል ተናገረ።

«እማዬ፣ ጠበበኝ።»

«እግርህ አድጎ ነዋ፣ የኔ ጌታ! ሌላ እንገዛለን» አሉ እናቱ፣ እየሳቁ።