የእመት ውዴ ዓሣ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርሁም። ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ እየዘረዘርሁ ይህችን እየዘለልሁ አረጀሁ። እናንተ አታውቁኝምና ለእናንተ ልናገር።

በንጉሡ ዘመን አንድ ፈረንጅ ስማዳ መጥቶ ድንጋይ የሆነ ዓሣ ይሰበስብ ነበር። ከወገዳ በታች፣ ቆላው ውስጥ፣ ድንጋዩ እንደ መጽሐፍ ይገለጣል፤ ዓሣውም ከነአጥንቱ በሁለቱም ገጽ ታትሞ ይገኛል። ካህናቱ «የጥፋት ውሃ ያስቀረው ነው» ይላሉ፤ ፈረንጁ «ከዚያም ይቀድማል» ይላል። እኔ መካነ ኢየሱስ ስማር ቋንቋውን ቀምሼ ነበርና አስተርጓሚው ሆንሁ።

እመት ውዴ የሚባሉ ባልቴት እንዲህ ያለ ድንጋይ ነበራቸው። ባላቸው ከወንድሙ ጋር ርስት ሲካፈል ድንጋዩን ለሁለት ከፍለው አንዳንድ ገጽ ይዘዋል። ክርክር ቢነሳ ሁለቱ ገጾች ይገጥማሉ፤ ከገጠሙ ድርሻው ጸና። ባል ሲሞት አንዱ ገጽ ለእሳቸው ቀረ። ሌላ ማስረጃ አልነበራቸውም። ይህን አላውቅም ነበርን? አውቅ ነበር።

ፈረንጁ ድንጋዩን ሲያይ ተንበርክኮ የዓሣውን አጥንት አንድ በአንድ ይቆጥር ጀመር። እመት ውዴ አዘኑለት መሰል፣ «እንግዳ አይደል? በውሰት ይያዘው። ለመስቀል ግን ይመልስልኝ፤ የልጆቼ መሬት ነው በለው» አሉኝ።

እኔ ምን አልሁት? በቋንቋው «ውሰድ ብለዋል» አልሁት። ያልሰጡትን የማይነካ ሰው ነበርና ደግሞ ጠየቀኝ፤ ደግሜ ዋሸሁ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ እኔ ግን መመለሻ ተሰጥቶኝ ነበር። ጥሩ ነገር ካገኘ አዲስ አበባ ሊወስደኝ ቃል ገብቶልኛል፤ ምክንያቴ ይኸው ነው።

ድንጋዩ ከፈረንጁ ጋር ሄደ፤ እኔ ቀረሁ። መስቀል አለፈ። ኅዳር ላይ የባላቸው ወንድም «ድንጋይሽን አምጪና ይግጠም» ብሎ ከሰሳቸው። እሳቸውም እኔን ምስክር ቆጠሩ። «ውሰት» እና «ውሰድ» የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው፤ እኔም በእሷ ተከልዬ፣ ከዳኛው ፊት ምዬ፣ «ውሰድ ሲሉ ነው የሰማሁ» አልሁ። መሬቱን ተነጠቁ። የፈረደ ዳኛው፣ የነጠቅሁ እኔ።

ከችሎት ስንወጣ ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ቀረብ ብለው፣ «ልጄ፣ ጆሮህን ያምሃል እንዴ?» አሉኝ።

«አዎ እመት» አልሁ። ይህኛው ውሸት ከመሐላው ቀለለኝ።

በወሩ የሰው ገብስ ሲያጭዱ አየኋቸው፤ አንገቴን ደፍቼ አለፍሁ። ከዚያ ደግሞ ጋይንት ድረስ በእግራቸው ሄደው ከቤተ ልሔም ጸበል ይዘውልኝ መጡ። «ጎንበስ በል» አሉኝና በሁለቱም ጆሮዬ አንጠበጠቡልኝ። ቀዝቃዛ ነበር። «እግዜር ይማርህ» አሉኝ። አፈርሁ፤ አፍሬም ጆሮዬን ጠረግሁ።

ለበሽተኛም ለበደለኛም የሚባለው ያው «ይማርህ» ነው። እሳቸው ያሉት ለበሽተኛ ነው። ታዲያ ምሕረቱንም በውሸት ልውሰድ? አልወስድም። ጆሮዬ ደኅና ነበር።