የክፉዋ አማት ምርቃት

ሰሞኑን እዚህ ሜልበርን፣ ዌሪቢ ሰፈር አንድ ፋርማሲ ውስጥ ወረፋ ስጠብቅ፣ ከፊቴ የቆመች እናት የሕፃን ፓውደር ክዳን ከፍታ ስታሸት ሽታው እኔም ዘንድ ደረሰ። ሌላው ሰው በዚህ ሽታ የሚያስበው ሕፃን ነው፤ እኔ ግን የማስበው አሮጊት ነው። ልጅ ሆኜ ዲር ፓርክ ጎረቤታችን የነበሩት እትዬ ስንዱ እኔን ለማሳቅ መስታወት ፊት ቆመው ፀጉራቸውን በፓውደር ያነጡ ነበር። ፀጉራቸው ድሮውንም ሸብቷልና ለምን እንደሚደክሙ ስጠይቃቸው «የእውነት ሽበት ከሩቅ አይታይም» ይሉኛል።

እናቴ የከሰዓት ሺፍት ትሠራ፣ አባቴም ዕቃ ማከማቻ ዌርሃውስ ይውል ስለነበር ከትምህርት ቤት መልስ የምቆየው እሳቸው ዘንድ ነው። እትዬ ስንዱ በንጉሡ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ተዋናይ ነበሩ። ገና ለጋ ወጣት ሳሉ በአንድ ቲያትር ላይ አሮጊቷን የምትጫወተው ሴት ታማ ቀረችና፣ ድምፃቸው ወፈር ያለ ነው ተብሎ፣ ግንባራቸው ላይ በከሰል መጨማደድ ተስሎላቸው ምራቷን የምታንገበግብ አማት ሆነው ወጡ፤ ወጥተውም በዚያው ቀሩ። ከዚያ ወዲያ መድረክ ላይ ሙሽራ ወይም ንግሥት ሆነው አያውቁም፤ ፊልም ላይ ሲታዩም ያው አማት፣ ያው እንጀራ እናት ነበሩ። ሥራውን ከመጠን በላይ አሳመሩትና አገሬው አመናቸው። አንዲት ቲማቲም ሻጭ «እንዲያ ያለች ልጅ አስለቅሰሽ!» ብላ አልሸጥም እንዳለቻቸው፣ የገዛ እህታቸው ልጅ ስትዳር ደግሞ ዘመድ አዝማዱ ገዷ እንዳይበላሽ ብሎ ከሙሽራዋ አጠገብ እንዳስነሳቸው እየሳቁ ይነግሩኝ ነበር። የቲማቲሟን ሲያወሩ ሳቃቸው ከሆድ ነው፤ የሠርጉ ግን ቶሎ ያልቅባቸዋል።

ሜልበርንም መጥተው አልቀረላቸውም። ድሮ በቴሌቪዥን ያዩዋቸው ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሲያገኟቸው «አማት መጡ!» ይሏቸዋል። በፍቅር ነው፤ ስማቸውን የሚጠራ ግን አልነበረም።

አንድ ዓመት ለእንቁጣጣሽ የቤተ ክርስቲያኑ ወጣቶች አጭር ቲያትር ሲያዘጋጁ እንደተለመደው ለአማትነት ለመኗቸው። እሳቸው ግን የሙሽራዋን እናት ካልሆንኩ አልወጣም አሉ። የእናትየዋ ሥራ ትንሽ ነው፤ የምትሸኛት ልጅ ራስ ላይ እጇን ጭና መመረቅ ብቻ። አማርኛዬ ከሌሎቹ ልጆች ስለሚሻል ሙሽራዋ እኔ ሆንኩ። ምርቃቱን ራሳቸው አሰናድተውት ነበር፤ በልምምዱ ላይ ግን ሁለት ቃል ብለው ያቆማሉ። «ምርቃት ለጨዋታ አይባክንም፤ የቀረውን የዕለቱ ዕለት ትሰሚዋለሽ» ይሉኝ ነበር።

የዕለቱ ዕለት የአበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው ብቅ ሲሉ፣ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ አዳራሹ ሳቀ። ተንበረከክኩ። እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑና በዚያ ወፍራም ድምፃቸው፣ ቀስ ብለው «ልጄ፣ የረገጥሽው ይለምልም» አሉ። ሰው ተንከተከተ፤ ተንኮሉን ነበር የሚጠብቀው። «የያዝሽው ይባረክ» ሲሉ እናቴ ራሷ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። እትዬ ስንዱ ምርቃቱን እዚያው ላይ አቆሙ። እጃቸው ራሴ ላይ ሲከብድ ተሰማኝና ቀና ብል ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ከዚያ አንድ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ያንን ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ድምፅ አወጡና «ምን ዋጋ አለው፣ ሽሮ እንኳ ታሳርሪያለሽ!» አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ሊፈርስ ደረሰ።

እናቴ የሳቅ እንባዋን እየጠረገች «እትዬ ስንዱ፣ ዛሬስ ገደሉን እኮ!» ስትላቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። ከዚያ ወዲያ ስንት ጊዜ ቢለመኑ ጉልበቴ እንቢ አለኝ እያሉ መድረክ ላይ አልወጡም። ያን ያህል ዘመን ሰው ሁሉ ያመናቸው ተዋናይ፣ አንዴ ደግ ልሁን ቢሉ የሚያምናቸው ማጣታቸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እኛም ዋይንድሃም ቬል ቤት ገዝተን ሄድን፤ እሳቸውም እኔ ሳልዳር አረፉ።

በሠርጌ ጠዋት እናቴ እጇን ራሴ ላይ ጫነች። «የረገጥሽው ይለምልም፣ የያዝሽው ይባረክ» አለችና ቆም አለች።

«እትዬ ስንዱ ከዚህ ቀጥሎ ምን ነበር ያሉሽ?»

«አላስጨረስናቸውም እኮ፣ እማ» አልኳት።