ጨው የበላው ቢም

እኔ ቁጭ ብዬ መጠበቅ አልችልም፤ ተፈጥሮዬ ነው። ሮቤ ላይ ግንበኛ ይዤ የአንድ ፎቅ ቤት ቢም ስጠግን ደግሞ ሥራው አብዛኛው መጠበቅ ሆነብኝ።

ባለቤቱ ሽማግሌ የጨው ነጋዴ ነበሩ። ምድር ቤቱ ሱቃቸው ነው፤ ፎቁ ላይ ልጃቸው ከነልጆቿ ትኖራለች። የጨው ጆንያ እስከ ጣሪያው ሲከመር ዓመታት አልፈው፣ ጨውና እርጥበት ተባብረው ፎቁን የተሸከመውን የኮንክሪት ቢም የውስጥ ብረት፣ ፌሮውን፣ በልተውታል። ልጃቸውን ከነልጆቿ ጎረቤት አስጠግተን ሥራ ጀመርን።

ዝገቱን ፍቀን፣ የረገፈውን ሞልተን፣ ከሥሩ የካርቦን ጨርቅ ኢፖክሲ በሚባል ማጣበቂያ ለጠፍንበት። ሽማግሌው ጥቁሩን ጨርቅ ዳሰስ አደረጉና፣ "ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ቤቴን እንደ ሬሳ ከፈን ልታለብሺው ነው እንዴ?" አሉኝ።

"ኧረ አባ! ከፈን ነጭ ነው። ይሄ ከብረት ይጠነክራል።"

ከት ብለው ሳቁ።

ከዚያ በባሌ ብርድ ማጣበቂያው አልደርቅ አለ። እንዲሞቀው ትልልቅ አምፖል ሰቀልን፤ መብራት ሄደ። ጎባ ሌላ ሥራ ይጠብቀኛል፣ ስልኬ አላርፍ ብሏል። በየግማሽ ሰዓቱ መሰላሉ ላይ እየወጣሁ በአውራ ጣቴ እጫናለሁ፤ እንደ ማር ይሳባል። ግንበኛው፣ "ኧረ በፈጠረሽ ተቀመጪ፣ አዞርሽኝ እኮ!" አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ደረቀ። በትንሽ መዶሻ ከጫፍ ጫፍ መታ መታ አደረግሁት። ሁሉም ድፍን ነው፤ ግድግዳው ጋ ሲደርስ ግን አንድ ክንድ ያህል ባዶ ድምፅ ሰጠ። እዚያች ቦታ ላይ ግንበኛው "የሞላነው ገና እርጥብ ነው" ሲለኝ፣ "ዝም ብለህ ቀባ!" ብዬ የጮህኩበት እኔ ነኝ። አሁን ቀና ብሎ አየኝ።

"አለቀ? ልጄን ልጥራት?" አሉ ሽማግሌው።

"ይጥሯት" የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ከእኔና ከግንበኛው በቀር ማንም አያውቅም፤ ጨርቁ ሲያዩት ያምራል።

"አላለቀም አባ። ቸኩዬ እኔ ነኝ ያበላሸሁት። እዚህ ጋ አልያዘም" አልኳቸው። አፍሬ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

"ዝገቱ ሲወጣ ቀድሜ አይቼው ነበር። ልጄ እንዳትደነግጥ ብዬ በኖራ ቀባሁት። ወላሂ፣ ሁለት ክረምት ሙሉ እላዩ ላይ አስተኛኋት።"

እንባቸውን በእጃቸው ጠረጉ።

"ጨርቁን ቅደጂው" አሉኝ።