«ይቅርታ አትበዪ» ትል የነበረችው ዶክተር ወይንሸት

ዛሬ ጠዋት ስልኬ ሲጮህ የሆቴሌ ሥጋ አቅራቢ መስሎኝ ነበር። ዳርሚ ናት፣ ዶክተር ከምታሠለጥናቸው ልጆች አንዷ። «ዶክተር አረፈች» አለችኝ። ትናንት እዚህ ተቀምጣ ስትጨቀጭቀኝ ውላ እንዴት ትሞታለች ብዬ ተቆጣኋት፤ ሞትን በክርክር የምረታው ይመስል።

እየጻፍኩም አላምንም። ግን ካዘንኩት ይልቅ ተጸይፌአለሁ። ለዚህ ነው ዛሬውኑ የምጽፈው።

ለማታውቋት፦ ዶክተር ወይንሸት የእንስሳት ሐኪም ነበረች። እዚሁ ኬንያ ሞያሌ ያደገች የባለሱቅ ልጅ ናት። ናይሮቢ ተምራ ብዙዎቹ እዚያው ሲቀሩ እሷ ተመለሰች። በእንስሳት ሕክምና ባለሙያዎች ማኅበር የሞያሌ ቅርንጫፍ ውስጥ ሴቶቹን ሰብስባ ማሠልጠን የጀመረችው እሷ ናት። ከዙሪያው ገጠር፣ ከኦቦና ከጎልቦ መጥተው፣ ዲግሪ ይዘው፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ዕቃ ከማጠብ ያላለፉትን ልጆች።

የቅርንጫፉ ሊቀመንበር ስብሰባቸውን «የሻይ ማኅበር» ይለው ነበር። የማኅበሩን አዳራሽ ስትጠይቀው ቁልፉ ጠፋ። በጠየቀች ቁጥር ይጠፋል። ለወንዶቹ ስብሰባ ሲሆን ይገኛል።

ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ሆቴል ግቢ መጡ፤ የጭነት መኪና ሾፌሮች ምሳ የሚበሉበት።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። አንዷ ቆማ ጥናቷን ታቀርባለች። የሌሎቹ ሥራ እሷን ማቋረጥ ነው። አንዷ ታስላለች፣ አንዷ ወንበር ትጎትታለች፣ አንዷ ድምጿን አወፍራ «ይሄን ማን ሠራልሽ?» ትላለች። ብዙ ሳይቆይ ሾፌሮቹም ገቡበት። ዳርሚ መጀመሪያ የቆመች ቀን አንዱ ከነጉርሻው «እህቴ፣ ግመሉን ተዪና ስለ ባልሽ ንገሪን» አላት። «ይቅርታ» ብላ አንገቷን ደፋች።

ዶክተር ከወንበሯ አልተነሳችም። «ይቅርታ አትበዪ። ምን አጠፋሽ? ቀጥይ።»

ከዚያ ወደ ሾፌሩ ዞረች። «አንተም ቀጥል። ናይሮቢ ያሉት ካንተ ይብሳሉ።»

አንድ ቀን፣ ልጆቹን እያሰደብሽ ነው እንዴ የምታስተምሪው ብያት ነበር። ስድቡን እዚህ ይጥገቡት፣ እዚያ ሲደርሱ አዲስ አይሆንባቸውም አለችኝ።

ዳርሚ በሚቀጥለው ሳምንት ናይሮቢ፣ በማኅበሩ ትልቅ ጉባኤ ላይ ጥናቷን ታቀርባለች። ግመሎችን የሚያስወርደው በሽታ በጥሬ ወተት እንዴት ወደ ሰው እንደሚገባ ነው። ጎልቦን በእግሯ ዞራ፣ ደሙንም ወተቱንም ራሷ ቀድታ የሠራችው ነው። እዚያ ጥሩ ከቆመች ለሁለተኛ ዲግሪ የሚወስዷት አሉ። ካልሆነ ወደ ዕቃ ማጠቡ ነው።

አሁን የዛሬውን ልንገራችሁ።

ሊቀመንበሩ ገና ሬሳዋ ሳይገነዝ ፎቶዋን ፌስቡክ ላይ ለጠፈ። «ኮትኩቼ ያሳደግኳት እህቴ» ይላል። ከሰዓት በኋላ ሱፉን ለብሶ፣ ባነር አሳትሞ ለቅሶ ድንኳኑ ጋ ደረሰ። ባነሩ ላይ የእሱ ፎቶ ከእሷ ይበልጣል።

ማይክ ያዘ። ስለ ሴቶች ብዙ አወራ። በመጨረሻም ልጅቷ ሐዘን ላይ ስለሆነች እንዳናስጨንቃት፣ የናይሮቢውን ጥናት ለዶክተር መታሰቢያ እንዲሆን እኔው አቀርበዋለሁ አለ። አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ «ደግ ሰው» አሉ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። በሬሳዋ ላይ ስርቆት ሲፈጸም ደግ ሰው። ለቅሶ ቤት ባይሆን እተፋ ነበር።

ዳርሚ ከሴቶቹ መሐል ተነሳች።

«ጥናቱ የእኔ ነው። የማቀርበውም እኔ ነኝ።»

ሊቀመንበሩ ፈገግ አለ። «ልጄ፣ ለቅሶ ላይ ነን። ሰውን ይቅርታ ጠይቂና ቁጭ በይ።»

አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። አንዱ፣ ይቺ ደግሞ ምን ሆናለች አለ። መንገዱ ላይ ሎሪ ወደ ኋላ እየሄደ ይጮሃል። የዳርሚ ዓይን በለቅሶ አብጧል፣ ድምጿ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ የምሰማው ነበር።

«የአውቶቡስ ትኬቴን ትናንት ከዶክተር ጋር ሄደን ቆርጠናል። ነገ ዓርብ እሄዳለሁ። የማቀርበው እኔ ነኝ።»

ይቅርታ አላለችም። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያስሉባትና ወንበር የሚጎትቱባት ልጆች ሁሉ እዚያው ነበሩ። አንዳቸውም አላቋረጧትም። ተነስተው አጠገቧ ቆሙ።

ሰውዬው ማይኩን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ተቀመጠ። ልጥፉን ግን እስካሁን አላነሳም። ከሥሩ የልብ ምልክት የምታደርጉ፣ ስማችሁን እያየሁ ነው።

ወይንዬ፣ ባነሩን አውርጄዋለሁ። ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ነው፤ ግቢው እንደ ወትሮው ክፍት ነው፣ ሾፌሮቹንም አፋችሁን አትዝጉ ብያቸዋለሁ። ልጅሽ ዳርሚ ያን ቀን ናይሮቢ ናት። የሄድሽበትም ቤት የሚያቋርጥሽ ካለ ታውቂበታለሽ። አፈሩ ይቅለልሽ፣ እህቴ። ቀጥይ።