የማስመሪያ ልጅ የገባችበት ክፍል

ማስመሪያ የምንላት የሒሳብ መምህርቷን ነው። ሰሌዳ ላይ መስመር ስታሰምር እጇ ንቅንቅ አይልም፤ ቃሏም እንደዚያው ነው። እኔ ሳይንስ አስተምራለሁ፤ መምህራን ክፍል አጠገቧ ተቀምጬ እሷን ማብሸቅ ደግሞ ሁለተኛ ሥራዬ ነው።

ትምህርት ቤታችን የመንግሥት መካከለኛ ደረጃ ነው። የሰፈሩ ልጆች ግን ጠዋት ጠዋት በራችን ላይ ቆመው የግል ትምህርት ቤት ሰርቪስ ይሳፈራሉ። ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ መዘጋታችን ነበር። ርዕሰ መምህሩ ሲጨንቃቸው "የጎበዞች ክፍል እንክፈት፤ ያኔ የሰፈሩ ሰው ይመጣል" አሉ። ፈተናውን እንድታወጣ፣ ክፍሉንም እንድትይዝ የተመረጠችው ማስመሪያ ናት።

የሰፈሩን ወላጆች ስብሰባ ጠራን። በልጆቹ ዴስክ ላይ ጉልበታቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ማስመሪያ ስለ አዲሱ ክፍል አፏን ሞልታ ስትናገር፣ ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ እጇን አወጣች።

"እህቴ፣ አትቀየሚኝና፣ ያንቺ ልጅ የት ነው የምትማረው?"

ሁሉም ወደ ማስመሪያ ዞረ። ልጅቷ ያንኑ ሰርቪስ እንደምትሳፈር ያላወቀ አልነበረም።

"ከመጪው ዓመት ጀምሮ እዚህ" አለች ማስመሪያ። የወሰነችው እዚያው ቆማ ነው፤ ባሏ እንኳ አልሰማም።

ልጅቷ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ተፈተነች። እናቷ ያወጣችውን ፈተና ያረምኩት እኔ ነኝ፤ ለጥቂት ወደቀች። ልጅቷን ስለምወዳት ከፋኝ።

"ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ" አለ የስፖርት መምህሩ። "አንድ ወንበር ጨምሪና አስገቢያት፤ ማን አይቶሽ?" ርዕሰ መምህሩ ወደ መስኮቱ ዞሩ። የእሳቸው ዝምታ "ይሁን" ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም ብታስገባት ደስ ይለኝ ነበር።

ማስመሪያ ተነስታ ወጣች። ልጅቷ በረንዳው ላይ ትጠብቃት ነበር።

"እማዬ፣ አሳፈርኩሽ አይደል?"

"ምን በወጣሽ! እዚያ ጎን ያለው መደበኛ ክፍል ትገቢያለሽ። እዚያም የማስተምርሽ እኔው ነኝ።"

ተመልሳ ለርዕሰ መምህሩ ቁርጡን ነገረቻቸው፤ ሁለቱንም ክፍሎች ካልያዘች አንዱንም አትይዝም። ምን ይበሉ? እሺ አሉ።

በምዝገባው ቀን ልብስ ሰፊዋ ከልጇ ጋር መጣች። ልጇ ፈተናውን አልፏል። "እንኳን ደስ አለሽ፤ የጎበዞች ክፍል ደርሶታል" አልኳት።

"አይ ጋሼ፣ ጎበዞችዎን ይያዙልኝ" አለች። "እሷ የራሷን ልጅ ያስገባችበት ክፍል ይጻፉልኝ።"

ከኋላዋ የተሰለፉትም "እኛንም እዚያው" ማለት ጀመሩ። ማስመሪያ አጠገቤ ተቀምጣ የስም መዝገቡን እያሰመረች ነበር። መስመሩ ጠመመባት። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አላበሸቅኳትም።