በባንታምላክ ካርድ

ዙፋን ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ከተማ በሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ የሕሙማንን መረጃ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር የምታሻግር ሴት ናት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተማረችውም ይህንኑ ነው። የመረጃ ቋቱን ስትነድፍ የተነሣችው ከአንድ ሐሳብ ነበር፦ ለአንድ የሕክምና ካርድ አንድ ሰው።

በዚያው ሰሞን ወንድሟ ባንታምላክ ድንበር ላይ ባለው ፋሽጋ ሰሊጥ አጨዳ ላይ እንዳለ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር ገደለው። መፋዛ ከተማ አጠገብ ቀበረችው፤ አፈሩ ሲመለስበት ቆማ አይታለች። ሥራዋ ላይ ተመልሳ የሌላውን ሟች ሁሉ የሞት ቀን ስትሞላ የእሱን ባዶ ተወችው። ነገ እሞላዋለሁ ትላለች፤ ሲነጋ ሌላ ሥራ ታነሣለች።

አንድ ቀን ገጹን ስትከፍተው ረዝሞ አገኘችው። ባንታምላክ ከተቀበረ በኋላ ሳል ይዞት መጥቷል። ከዚያም ወባ። ቁመቱ ጨምሯል፤ ዕድሜው ግን ቀንሷል። የራሷ ስሕተት መስሏት በካርድ ቁጥር ብቻ ያስገባቻቸውን ወረቀቶች አንድ በአንድ አመሳከረች። ስሕተት የለም። ሙት አይታከምም አለች ለራሷ፤ ዓይኗ ግን ከበሩ አልነቀል አለ።

በሳምንቱ ሱዳናዊው ሐኪም አስጠራት። የባንታምላክ ካላዛር አገርሽቶበታልና ያለፈውን ሕክምና አረጋግጪልኝ፣ ከባዱን መድኃኒት ላዝዝለት ነው አላት። መድኃኒቱ ያለቦታው ከተሰጠ ልብ ያቆማል። ዙፋን ወደ ተራ መጠበቂያው ወጥታ ስሙን ጠራች።

«አቤት» አለ አንድ ከሲታ ወጣት። አንገቱ ላይ የወንድሟ ፎጣ ነበር።

አጠገቡ ተቀመጠች።

«እናትህ ያወጣችልህን ስም ንገረኝ።»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቻላቸው እባላለሁ አላት። የእርሻ ሠራተኞቹን ካምፕ ደንብም ነገራት። እርሻው ሠራተኛ ለሚያመጣለት ወኪል የሚሰጠው የሕክምና ካርድ የተቆጠረ ነው፤ ሰው ሲሞት ወይም ሲሄድ መጪው አልጋውን፣ ማጭዱንና ካርዱን ይወርሳል። ስምህን ከተናገርህ አያክሙህም ብሎታል ወኪሉ።

«ባለ ካርዱስ?»

«ሞቷል ይላሉ እትዬ። እኔ አላየሁትም። ሲጠሩት የምነሣው ግን እኔ ነኝ።»

የካላዛር መርፌ ወስደህ ታውቃለህ ብትለው፣ በዕድሜዬ መርፌ አልነካኝም አለ።

ዙፋን ተነሥታ ሐኪሙን መድኃኒቱን እንዳትሰጠው አለችው። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ የወንድሟን ገጽ ከፈተች። የሞቱን ቀን ካልሞላች ወንድሟ እዚያ ይኖራል፤ ይህ ልጅም በእሱ ስም ይሞታል። ከሞላች ደግሞ ካርዱ ይዘጋል፤ በራሷ ንድፍ ልጁ ከደጅ ይባረራል። ስለዚህ ንድፉን አፈረሰችው። ካርዱን ለብቻ፣ ሰውን ለብቻ አደረገች፤ በአንድ ካርድ ብዙ ሰው እንዲታከም፣ የአንዱ ደዌ ከሌላው እንዳይቀላቀል። ሐኪሙ ታዲያ ከፋዩ ማን ሊሆን ነው ብሎ አጉረመረመ። እርሻው ለካርዱ ከፍሏል፣ ካርዱ አልሞተም አለችው።

ከዚያ የወንድሟን የሞት ቀን ሞላች። ገጹ ተዘጋ። በቻላቸው ስም አዲስ ገጽ ከፈተች፤ ሐኪሙም ለመጀመሪያ ጊዜ ለታመመ የሚሰጠውን ሕክምና አዘዘለት።

«ካምፕ ስገባ ግን ያው ባንታምላክ ነኝ» አላት ልጁ።

«በዚያ ስም ሲጠሩህ አትነሣ» አለችው።

ነርሷ በሩን ከፍታ «ቻላቸው!» ብላ ተጣራች። ልጁ የሚነሣውን ሰው ፍለጋ ዙሪያውን ያይ ጀመር።